ለልጄ፣ በኤፕሪል ስለሚሸነፉት ቡድኖቻችን

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የአባትህም ጉልበት ተሽሎት ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀምሯል። ባለፈው እሑድ ስትደውል ስለ ሥራህና ስለ አዲሱ ቤትህ ከነገርኸኝ ይልቅ ስለ ዋሽንግተኑ ቤዝቦል ቡድን ስለ ናሽናልስ አጀማመር ያማረርኸው ይበልጥ ነበርና፣ ስልኩ ተቋርጦ ሳልመልስልህ የቀረውን በጽሑፍ ልመልስልህ ብዬ ተቀመጥሁ። «እማዬ፣ ዘንድሮም አለቀልን፤ እስከ ሴፕቴምበር ምን ብዬ አያለሁ?» ብለኸኛል። ውድድሩ ከተጀመረ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው እንዴት እንዳለቀልን ግን አላስረዳኸኝም።

በቤዝቦል አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጊዜ እንደሚጫወት ታውቃለህ፤ ይህን አውቆ በየምሽቱ አለመርሳት ግን ሌላ ነገር ነው። አባትህ የሚከታተለው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ለአንድ ክለብ ያለው 38 ጨዋታ ነው። ስለዚህ አንድ የቤዝቦል ሽንፈት ቢመዘን የአንድ የእግር ኳስ ሽንፈት ሩብ እንኳ አይሆንም፤ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ የምናያቸው ሠላሳ ያህል ጨዋታዎችም በእግር ኳሱ ሚዛን ሰባት ጨዋታ ቢሆኑ ነው። ከሰባት ጨዋታ በኋላ አርሰናል ዋንጫውን እንደ ወሰደ ተቆጥሮ በዚህ ሳሎን ስንት ጊዜ እንደ ተጨፈረ፣ ከዚያም ግንቦት ሲደርስ ቤቱ ምን ያህል ጭር ይል እንደ ነበር አንተም ታስታውሳለህ። ይህን መስመር ለአባትህ አታንብብለት።

ሁለት ቡድን መደገፌን ሁልጊዜ እንደ ማጭበርበር ስለምትቆጥረው፣ ነገሩ እንዴት እንደ መጣ በዚህ አጋጣሚ ልንገርህ። እኔ እዚህ አገር ስገባ ዋሽንግተን የራሷ ቡድን አልነበራትም። ሴናተርስ ከ1971 ውድድር በኋላ ወደ ቴክሳስ ተዛውረው ከተማዋ እስከ 2005 ድረስ ያለ ቤዝቦል ኖራለች። በፓርኪንጉ አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ሁሉ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ደጋፊዎች ስለ ነበሩ፣ የማታ ተረኛ ሆኜ በምቀመጥባት ጠባብ የገንዘብ መቀበያ ክፍል ውስጥ የነበረችው ትንሽ ሬዲዮ የምታሰማው የእነርሱን ጨዋታ ነበር። መጀመሪያ ላይ ከሚነገረው ሁሉ የሚገባኝ ቁጥሩ ብቻ ነበር። በኋላ አንድ አዛውንት ባልደረባዬ ከፓርኪንግ ቲኬት ጀርባ ላይ ሰንጠረዥ አስምረው አመዘጋገቡን አስተማሩኝ፦ ወደ ታች ለዘጠኙ መቺዎች ዘጠኝ መስመር፣ ወደ ጎን ለዘጠኙ ኢኒንግ (ጨዋታው ለሚከፈልባቸው ዙሮች) ዘጠኝ ዓምድ። መቺው ዱላውን ወዝውዞ በሦስተኛው ስትራይክ (መምታት ሲገባው ባመለጠችው ኳስ) ከወጣ በሣጥኑ ውስጥ «ኬ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ትጻፋለች፤ ኳሷ ስታልፍ ቆሞ አይቷት ከወጣ ግን ያችው ፊደል ፊቷን አዙራ ትጻፋለች። ይህች ፊቷን ያዞረች ፊደል እስከ ዛሬ ታስቀኛለች፤ የሰውየውን ኀፍረት ጭምር በመዝገብ ያሰፈሩ ይመስለኛል።

የሞንትሪያሉ ኤክስፖስ በ2005 ወደዚህ መጥቶ ናሽናልስ ሲባል ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ሆኖም እንግሊዝኛን ያስለመደኝን ቡድን አውጥቼ ልጥል አልቻልሁም። አንዱ በናሽናል ሊግ ሌላው በአሜሪካን ሊግ ስለሚወዳደሩ አንዱን መውደድ ሌላውን አይበድልም። በዚያ ላይ የናሽናልስ የመጀመሪያው አሠልጣኝ ፍራንክ ሮቢንሰን መሆናቸው ሁለቱን ቤት ያዛምድልኛል፤ እርሳቸው ክፉ ኤፕሪል ምን እንደ ሆነ ከማንም ይበልጥ የሚያውቁ ሰው ነበሩና።

በ1988 ኦሪዮልስ ውድድሩን የጀመሩት 21 ጨዋታ በተከታታይ በመሸነፍ ነው። ገና ስድስቱን እንደ ተሸነፉ አሠልጣኙ ካል ሪፕከን ሲኒየር ተሰናበቱ፤ ሁለት ልጆቻቸው በዚያው ቡድን ውስጥ እየተጫወቱ አባታቸው ሲባረሩ ማየታቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ሮቢንሰን ተተክተው እርሳቸውም አሥራ አምስት ተሸነፉ። የመጀመሪያው ድል የተገኘው በኤፕሪል 29 ሺካጎ ላይ ዋይት ሶክስን 9 ለ 0 በማሸነፍ ነበር። ባልደረባዬ ሲያወሩልኝ የማይሰለቻቸው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፦ ቡድኑ አንድ አሸንፎ 23 ተሸንፎ ወደ ባልቲሞር ሲመለስ፣ በሜይ 2፣ ሰኞ ማታ፣ ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ሜሞሪያል ስታዲየምን ሞልቶ ተቀበለው። ኦሪዮልስ ያን ወቅት የጨረሱት 54 አሸንፈው 107 ተሸንፈው ነው። ስለዚህ የዚያ ዓመት ኤፕሪል አልዋሸም፤ ቡድኑ በእርግጥ ደካማ ነበር። ስታዲየሙን የሞሉትም ሰዎች ይህን ያጡት አይመስለኝም።

አንተ «አለቀልን» ስትል ወደ አእምሮዬ የመጣው ግን በ2019 የሆነው ነው፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትማር ነበርና ብዙውን ታስታውሳለህ። ኮከባችን ብራይስ ሃርፐር ለ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ። በኤፕሪል 2 የፊሊስን ማሊያ ለብሶ ሲመጣ ስታዲየሙ በጩኸት ተቀበለው፤ እርሱም ኳሷን ከአጥሩ ማዶ አውጥቶ፣ ሆም ራን መትቶ አፋችንን አስያዘን። በዚያው ምሽት ትሬይ ተርነር ኳሷን በዱላው ገፋ ሊያደርጋት ሲሞክር ጣቱን ሰበረችው። ከዚያ ከመቺዎቻችን ሬንዶን ተጎዳ፣ ሶቶም ተጎዳ። ከቡልፔን (ተቀያሪዎቹ ከሚጠብቁበት) የሚወጡት ወርዋሪዎች ደግሞ የያዝነውን መሪነት በስምንተኛው ኢኒንግ እያስረከቡ ይመለሱ ነበር። በሜይ 23 ሜትስ ኒው ዮርክ ላይ አራቱንም ጨዋታ ሲያሸንፉን 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን ነበር፤ አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረሩ የማይል ሰው በከተማው አልቀረም።

ከዚያ ቀን በኋላ የተጫወትናቸውን ብቻ ብትቆጥር 74 አሸንፈን 38 ተሸንፈናል። ልብ እንድትልልኝ የምፈልገው ይህ ለውጥ ተአምር አለመሆኑን ነው። ደረጃ ያየ ሰው የሞተ ቡድን አየ፤ የቡድኑን አሰላለፍ ያየ ሰው ግን ጨዋታውን የሚጀምሩት ወርዋሪዎች ክንድ ደኅና እንደ ነበር፣ የጎደሉትም መቺዎች ጣትና ክርን ሲሽርላቸው እንደሚመለሱ ያውቅ ነበር። በኦክቶበር 1፣ በማጣሪያው ጨዋታ፣ ሚልዋኪ በስምንተኛው ኢኒንግ 3 ለ 1 ሲመራን፣ ሁለት ሰው ወጥቶ ሦስቱም ቤዝ ተይዞ ሳለ ሶቶ የመታት ኳስ በቀኝ ሜዳ ተከላካዩ ጓንት ሥር አልፋ ሦስት ሰው ስታስገባ፣ አንተ ዘለህ የመብራቱን ክዳን መስበርህን እኔ አልረሳሁም። የዋንጫውን ግጥሚያ፣ ወርልድ ሲሪሱንም፣ ሂዩስተን ላይ በሰባተኛው ጨዋታ 6 ለ 2 ወሰድነው፤ ዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ ያገኘችው የመጀመሪያው ነበር። በሰባቱም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ስለ ነበር፣ በገዛ ሜዳችን የተደረጉትን ሦስቱንም ተሸንፈን ሻምፒዮን ሆንን። እንዲህ ያለ ነገር በእግር ኳስ ላለ ሰው አስረድቼ አልተሳካልኝም፤ አባትህ እስከ ዛሬ አጭበርብረዋል ነው የሚለው።

መልካም አጀማመርም ያው ነው። ቴድ ዊሊያምስ በ1941 .406 (ማለት ከሺህ ሙከራ 406ቱን) ከመታ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ከ.400 በላይ የመታ ሰው በሁለቱ ሊጎች አልታየም፤ ነገር ግን በየኤፕሪሉ ከዚያ በላይ እየመታ ጋዜጣ የሚያደምቅ አንድ ሰው አይጠፋም። በ1994 ተፊ ሮድስ የሚባል የሺካጎ ካብስ ተጫዋች በመክፈቻው ቀን ሦስት ሆም ራን መትቶ፣ በዚያው ወቅት በጠቅላላ የመታው ስምንት ነው። ታምፓ ቤይ በ2023 የመጀመሪያዎቹን 13 ጨዋታዎች አሸንፎ በፕሌይኦፍ (በማጣሪያው) ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ሁለቱንም ተሸንፎ ተሸኘ። አንተ ያለህበት የሲያትል ቡድንማ በ2001 ከመጀመሪያዎቹ 25 ጨዋታዎች 20ውን አሸንፎ፣ ውድድሩንም በ116 ድል ጨርሶ፣ ወደ ወርልድ ሲሪስ ሳያልፍ በያንኪስ እጅ ቀረ። ይህን ጎረቤቶችህ ፊት ባታነሣው ይሻልሃል።

እንዲህ ስል የኤፕሪል ጨዋታ ዋጋ የለውም ማለቴ እንዳይመስልህ። በኤፕሪል የተገኘ ድል በሴፕቴምበር ከተገኘው በምንም አያንስም። ቦስተን በ2011 ከመጀመሪያዎቹ 12 ጨዋታዎች አሥሩን ተሸንፎ ነበር፤ በሴፕቴምበር 28፣ በመጨረሻው ቀን፣ የእኛው ኦሪዮልስ በካምደን ያርድስ 4 ለ 3 ሲያሸንፉት በአንድ ጨዋታ ተበልጦ ከፕሌይኦፉ ውጭ ሆነ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሴፕቴምበሩ ውድቀት ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከእነዚያ አሥር የኤፕሪል ሽንፈቶች አንዲቱን እንኳ አሸንፈው ቢሆን ኖሮ የመጨረሻው ምሽት ያን ያህል አያስጨንቃቸውም ነበር።

ስለዚህ እይ፤ የምታየውን ግን ምረጥ። እኔ በዚህ ወር የደረጃውን ሠንጠረዥ ጨርሶ አልመለከትም። የምመለከተው ወርዋሪው ኳሷን በስንት ማይል እንደሚወረውር ነው፤ ካለፈው ዓመት ሁለት ማይል ቀንሶ ከሆነ ቢያሸንፍም እጨነቃለሁ። ጨዋታ የሚጀምሩት ወርዋሪዎች አምስት ስለ ሆኑ በሦስት ሳምንት ውስጥ እያንዳንዳቸው የጀመሩት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው፤ በዚህ ሰው አይፈረጅም። ከመቺዎቹ ደግሞ ከመምቻው ዞን ውጭ የምትመጣውን ኳስ ትቶ በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ የሚሄደውን ወጣት እፈልጋለሁ፤ ዓይን ያለው መቺ ቁጥሩ ዘግይቶም ቢሆን ይስተካከልለታል። ብርዱንም አትርሳ። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ ኳስ ርቆ አይሄድበትም፤ ዛሬ አጥሩ ሥር የተያዘችው ኳስ በጁላይ ቢሆን ከተመልካች መካከል ትወድቅ ነበር።

ብርዱን ካነሣሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከአክስትህ ጋር ወደ ናሽናልስ ፓርክ ሄጄ ነበር። ሁዳዴ ስለ ሆነ ሆት ዶጉም አይስክሬሙም ለእኛ አልነበረም፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጥረን፣ ነጠላችንን በጃኬቱ ላይ ደርበን ተቀመጥን። አጠገባችን የነበረች ሕፃን ቆሎውን ቀምሳ እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ ከእጃችን አልተለየችም። በአራተኛው ኢኒንግ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን ትልልቅ ጭንቅላት ያጠለቁት ሯጮች ሲሮጡ አክስትህ ዛሬም ለቴዲ (ለሩዝቬልት) ጮኸች። ቴዲ እስከ ኦክቶበር 3፣ 2012 ድረስ ከአምስት መቶ በላይ ሩጫ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ የኖረ ነው፤ እርሷ ግን ስሙ ያገሯ ልጅ ስም ስለ ሆነ ብቻ እንደ ሻምበል አበበ ታየዋለች። ጨዋታውን ተሸነፍን፤ ከቡልፔን የወጣው አዲሱ ልጅ ግን ሦስት ሰው በተከታታይ አስወጣ፣ በወረቀቴም ላይ አንዷን «ኬ» ፊቷን አዙሬ ጻፍኋት።

የሲያትሉን ማሪነርስን መከታተል መጀመርህን በጥርጣሬ ስትነግረኝ ገርሞኛል። ሁለት ቡድን ያላት እናት ይህን አትከለክልህም፤ ወርልድ ሲሪስ ደርሶ የማያውቅ ብቸኛ ቡድን መሆኑን አውቀህ ከገባህበት ግባበት። የእኛ ጨዋታ እዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ሲጀመር አንተ ዘንድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነውና ሥራ ላይ ትሆናለህ፤ የእናንተው ደግሞ ለእኔ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው የሚጀምረው። በ2023 የወርዋሪው ሰዓት ቆጣሪ ከገባ ወዲህ ጨዋታው በአማካይ ከሃያ ደቂቃ በላይ ስላጠረ፣ እኩለ ሌሊት አለፍ እስኪል ድረስ አብሬህ ልቆይ እችላለሁ። በሰባተኛው ኢኒንግ ደውልልኝ፤ ከዚያ በፊት ግን አትደውል፣ ስመዘግብ መስመር ይሳሳትብኛል።

ደግሞ ከዚያው ከ2023 ጀምሮ ሁሉም ቡድን ከሁሉም ጋር በየዓመቱ ስለሚገናኝ፣ ናሽናልስና ማሪነርስ ዘንድሮም ሦስት ጨዋታ አላቸው። መርሐ ግብሩን አይተህ እዚህ ይሁን እዚያ ጻፍልኝ። እዚያ ከሆነ የአውሮፕላኑ ዋጋ ሳይወደድ ቲኬት እንድንቆርጥ፣ አንተም ከሜዳው ሁለት ወንበር እንድትይዝልን። የማሪነርስን ቆብ አድርገህ ብትመጣ አልቀየምህም፤ እኔ ቀዩን ቆቤን አድርጌ እመጣለሁ፤ አባትህም ከመካከላችን ይቀመጣል።

እናትህ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ