ደብዳቤ ለልጄ፦ ከባሕር ስትወጣ አትቸኩል

ውድ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትህም ጉልበት ተሽሎታል።

እህትህ የጉዞ ፕሮግራምህን ትናንት ማታ አነበበችልኝ። የጠለቃ ትምህርትህን ጨርሰህ የምስክር ወረቀት መያዝህንና ከጓደኞችህ ጋር ከዱባይ ወደ ማልዲቭስ መሄድህን ስሰማ፣ የእኔን ባሕር የወረስክ መስሎኝ ደስ አለኝ። ነገር ግን በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠልቀህ፣ በዚያው ዕለት ማታ ለእንቁጣጣሽ እንድትደርስ ወደ አዲስ አበባ እንደምትበር እህትህ ስትነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ። ከባሕር ስትወጣ አትቸኩል። ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን እንዳትረሳ።

መምህርህ እንዳስተማረህ አልጠራጠርም፤ እኔም ልድገመው። 10 ሜትር ስትወርድ ግፊቱ በእጥፍ ያድጋል፤ 30 ሜትር ላይ ከውሃው ፊት ላይ ካለው አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ግፊት የምትተነፍሰው ናይትሮጅን በደምህና በሥጋህ ውስጥ ይሟሟል፤ ቀስ ብለህ ከወጣህ በሳንባህ በኩል በሰላም ይወጣል፤ ከቸኮልህ ግን ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ የአምቦ ውሃ በሰውነትህ ውስጥ አረፋ ይሆናል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ካረፈ ሕመም ነው፤ ኅብለ ሰረሰር ላይ ካረፈ ሽባ ያደርጋል። ስለዚህ በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አትውጣ፤ 5 ሜትር ላይ ስትደርስ 3 ደቂቃ ቆይ፤ በጀርባህ ከተሸከምከው የአየር ጠርሙስ እየተነፈስክ ሳለ ትንፋሽህን ፈጽሞ አትያዝ፤ 10 ሜትር ላይ ሳንባህን የሞላው አየር ከውሃው ፊት ሲደርስ እጥፍ ቦታ ይፈልጋልና።

መውጣቱ ግን ከውሃው ፊት ላይ አያበቃም፤ ብዙ ወጣቶች የሚዘነጉት ይህን ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ እንዳለ ተራራ የሳሳ ሊሆን ይችላል፤ ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ዝቅተኛ ቦታ የሚያርፍ መንገደኛ ወደ ሙሉ አየር ይመለሳል፤ አንተ ግን አርፈህም እዚያው ከፍታ ላይ ነህ። ለብዙ ቀን ደጋግሞ ለጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ እኔ ከአንተ የምጠይቀው ሙሉ 24 ሰዓት ነው።

የክርስትና አባትህን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለምን እንደሚያነክስ በልጅነትህ በጠየቅኸው ጊዜ «ያረጀ ነገር ነው» ብሎ አለፈህ። አሁን እኔ ልንገርህ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ምጽዋ ሳለን፣ የጠፋ መልሕቅ ፍለጋ ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠለቀ። ከውሃው የወጣው በሥርዓቱ ነበር፤ አንዳች አልጎደለበትም። ከሰዓት በኋላ ግን ሚስቱ አስመራ እንደወለደች ተነገረውና በኮንቮይ መኪና አብረን ወጣን። ከምጽዋ አስመራ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም፣ መንገዱ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ግንዳዕን ስናልፍ ትከሻውን እያሸ መዝፈን አቆመ። ነፋሲት ስንደርስ የግራ እግሩ ጫማ ውስጥ መኖሩ አልታወቀው አለ፤ በጣቱ ቢቆነጥጠውም አይሰማውም። አስመራ ስንገባ ተሸክመን አወረድነው፤ የወለደችለትን ልጅ ያየው አልጋ ላይ ተኝቶ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ያ እግር አልታዘዘለትም። ጥልቀቱን እንጂ ዳገቱን አልፈራም ነበርና፣ ልጄ፣ አትቸኩል።

አባቴ፣ ይህን ስጽፍ የሚቆጨኝ ሌላ ነገርም አለ። ከምጽዋ ፊት ለፊት ያለውን ዳህላክን ላሳይህ እመኝ ነበር። ከ120 በላይ ደሴቶች፣ አብዛኞቹ ሰው የማይኖርባቸው፣ ከጥንት ጀምሮ ሉል የሚለቀምባቸው። ውሃው እንደ ሰሜኑ ቀይ ባሕር የጠራ አይደለም፤ ፕላንክተን የሚሏቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ይበዙበታል፤ ዓሣው የሚጠግበውም በእነርሱ ነው። እዚያ ጸጥ ብለህ ብትቆም ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ በመንቁር መሰል ጥርሱ ኮራል የሚባለውን የባሕር ድንጋይ ሲቆረጥም ጆሮህ ይሰማል፤ የፈጨውን ድንጋይ ከኋላው ነጭ አሸዋ አድርጎ ሲለቅቀውም ታያለህ። የማልዲቭስ ነጭ ዳርቻም በአብዛኛው የዚህ ዓሣ ሥራ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በጦርነቱ ከእጃችን ስትወጣ፣ እኔ ያን ባሕር ዳግመኛ አላየሁትም፤ አንተም ሳታየው አደግህ። የማላውቀው ባሕር ውስጥ ልጄን ሌላ ሰው ይመራዋል ብዬ ሳስብ ቅር ይለኛል።

የምትሄድበት አገር ከ1,100 በላይ የኮራል ደሴቶች ያሉት ሲሆን፣ ሪፍ የሚባሉት የኮራል ክምሮቹ በ1998 እና በ2016 እ.ኤ.አ. በባሕሩ መሞቅ ክፉኛ ነጥተው ነበር፤ የተረፈውን በእግርህ መቅዘፊያ አትርገጥ፣ በእጅህም አትንካ። በደሴቶች መካከል «ካንዱ» በሚሏቸው መተላለፊያዎች ጅረቱ ኃይለኛ ነው፤ ከጅረት ጋር አትታገል፣ ከመሪህም አትለይ። በአገሩ ደንብ መሠረት ከ30 ሜትር በታች አትውረድ። ሻርኮቹ አያስፈሩህ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ማጥመዳቸው ተከለከለ፣ አንተንም አይፈልጉህም። ይልቅ ታይታን ትሪገርፊሽ የሚባለውን ጥርሳም ዓሣ ተጠንቀቅ። እንቁላሉን ሲጠብቅ የሚከላከለው ቦታ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ካባረረህ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አትሽሽ። እዚያም ቢሆን ወደ ላይ አትቸኩል!

ከጠለቅህ በኋላ መገጣጠሚያህን ካመመህ፣ ከደነዘዘህ ወይም ያልተለመደ ድካም ከተሰማህ፣ ሳታፍር ለመሪህ ተናገር፤ ወዲያው ንጹሕ ኦክስጅን ይስጡህ። ለዚህ ሕመም የሚያገለግል የግፊት ክፍል በዋና ከተማው በማሌ አጠገብ ባንዶስ ደሴት ላይ አለ። የጀልባውን ሰዎች ከመሳፈርህ በፊት ኦክስጅን መኖሩን ጠይቃቸው፤ በዓይንህም እይ።

አሁን የማዝህን ስማ። በፕሮግራምህ መጀመሪያ ላይ ያደረግኸው ባ አቶል በሚባለው የኮራል ደሴቶች ቀለበት ያለው ሃኒፋሩ፣ ማንታ ሬይ የሚባለው ክንፋም ግዙፍ ዓሣ የሚሰበሰብበት ስፍራ ነው። ከግንቦት እስከ ኅዳር ባለው ወቅት ጅረቱ ፕላንክተኑን ወደ ባሕረ ሰላጤው ያጉረዋል፤ እነርሱም አፋቸውን ከፍተው እየተገለባበጡ ይመገባሉ። ሲገለበጡ የሆዳቸውን ነጠብጣብ አስተውል፤ አንዱ ከሌላው የሚለየው በእርሱ ነው። በዚህ ስፍራ ግን በጠርሙስ መጥለቅ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ በውሃው ፊት ላይ መዋኘት ብቻ ነው። እንዲህ የሚዋኝ ሰው ደግሞ ከበረራ የሚከለክለው ናይትሮጅን አያከማችም። ስለዚህ ፕሮግራሙን አገላብጠው፦ የጠርሙሱን ጠለቃ ወደ ፊት አምጣ፤ ሃኒፋሩን የመጨረሻው ቀን አድርገው። ጓደኞችህን ጥሩ አድርገህ አስረዳቸው፤ እነርሱም የሰው ልጆች ናቸው።

አስጎብኚዎቹ አይሆንም ካሉህ ትኬቱን በአንድ ቀን ግፋው፤ የቅያሪውን ገንዘብ እኔ እከፍላለሁ። እንቁጣጣሽ ቢያልፍህ እናትህ ታኮርፍሃለች፤ ማኩረፏን እኔ እችለዋለሁ። ዶሮውም ይቆይሃል። ዛሬውኑ ጨርሰህ ደውልልኝ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልኩ አጠገቤ ነው።

አባትህ