የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ ይታሰብበት

ውድ አባላት፣

የኒውክሌር ማብላያ ንድፍ ስንመረምር፣ ኦፕሬተሩ የሚያየውና የሚወስነው ነገር ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ እንዲታይ አጥብቄ እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ በስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ሁለተኛው ማብላያ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ሲቀር፣ በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ የነበረው መብራት የሚያሳየው የቫልቩን ትክክለኛ ሁኔታ ሳይሆን የመዝጊያ ትእዛዙ መተላለፉን ብቻ ስለነበር፣ ሠራተኞቹ ቫልቩ የተዘጋ መሰላቸው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ ማስጠንቀቂያዎች በአንድነት ጮኹ፤ እውነቱን ሊጠቁም ይችል የነበረው መለኪያ ደግሞ ከፊታቸው ሳይሆን ከሰሌዳዎቹ ጀርባ ነበር። በዚህም የተነሳ የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ውኃ ቀነሱት፤ ነዳጁ ካለበት ከማብላያው እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ጥፋቱን በእነርሱ ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ አመልካች ትእዛዙን ነው ወይስ የመሣሪያውን እውነተኛ ሁኔታ የሚያሳየው ብላችሁ ረቂቁን እንድትመረምሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።