«ቆሟል» መባል ለእኛ ትልቅ ነገር ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጤና ገጻችሁን ሳላነብ አላልፍም። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የታማሚዎች ታሪክ ሲቀርብ ሁልጊዜ የሚያልቀው ቀዶ ሕክምናው ላይ ነው። ገባች፣ ወጣች፣ ዳነች። ወይም ደግሞ አልዳነችም። የእኔ ሕመም ከሁለቱም አይመደብም፤ ስለዚህ ነው የጻፍኩላችሁ።

ስሙ ሲሪንጎማየሊያ ነው። ህብለ ሰረሰር፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንት መሀል የሚያልፈው የነርቭ ገመድ ውስጥ፣ ፈሳሽ የሞላው ክፍተት ይፈጠራል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1827 ያወጣለት ኦሊቪየ ዳንዤ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ ሲሪንክስ በግሪክኛ መቃ ወይም ዋሽንት እንደማለት ነው። እኔም ምን ሆነሽ ነው ስባል «ጀርባዬ ውስጥ ዋሽንት አለ» እላለሁ። የሚስቅም አለ፣ የሚደነግጥም አለ።

ብዙ ጊዜ መነሻው ኪያሪ የሚባል የአፈጣጠር ችግር ነው። የኋለኛው አንጎል የታችኛው ጫፍ ከራስ ቅል ወጥቶ ወደ አንገት ይወርድና አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሚከበውን ፈሳሽ መተላለፊያ ያጠበዋል። አከርካሪ ላይ የደረሰ አደጋ፣ ማጅራት ገትር ወይም ዕጢም ሊያመጣው ይችላል። ከአደጋው ብዙ ዓመታት በኋላ ብቅ የሚልበት ጊዜም አለ።

እኔ ያወቅሁት በድስት ነው። የጋለ ድስት በባዶ እጄ አንስቼ፣ ቆሜ ወሬዬን እቀጥላለሁ። የጮኸችው ጎረቤቴ ናት። ድስቱን እንደያዝኩ በደንብ ይሰማኝ ነበር፤ ማቃጠሉ ግን አልተሰማኝም። ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። የሕመምና የሙቀት መልእክት የሚያደርሱት ነርቮች የሚሻገሩት በህብለ ሰረሰሩ መሀል፣ ልክ ክፍተቱ በሚከፈትበት ቦታ ነው። የመዳሰስ ስሜት መንገዱ ሌላ ስለሆነ ይተርፋል። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ከትከሻችን እስከ ጣታችን ካባ የለበስን ያህል የምንደነዝዘው።

ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ከራስ ቅሌ ከኋላ በኩል ትንሽ አጥንት አንስተው ለፈሳሹ መንገድ ከፈቱለት። ባሳልኩ ቁጥር ጭንቅላቴን የሚሰነጥቀኝ ሕመም ጠፋ። የእጄ ጉልበት በከፊል ተመለሰ። የሙቀት ስሜቴ ግን እንደወጣ ቀረ። ትከሻዬ ላይ ያለው የሚያቃጥል ሕመምም እስከዛሬ አለ። ሐኪሙ አዲሱን የኤምአርአይ ምስል አይቶ «ቆሟል» አለኝ፤ ክፍተቱ መስፋቱን አቁሟል ማለቱ ነው።

ተናደድኩ። ቆሟል ብቻ? ለዚህ ነው የተቀደድኩት?

ጥያቄዬ ስህተት እንደነበር ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ህብለ ሰረሰር ውስጥ አንዴ የተጎዳ ነርቭ እንደ ቁስል አይሽርም። ቀዶ ሕክምናው በዋናነት የሚጠብቀው የቀረውን ነው። የጠፋው ከተመለሰ ትርፍ ነው። ምልክቶቹ ሳይቆዩ የታከመ ሰው የተሻለ ውጤት የሚያገኘውም ለዚህ ነው። እጁ ሙቀት መለየት ያቃተው ሰው «ያልፍልኝ ይሆናል» እያለ ዓመት መጠበቅ የለበትም።

አክስቴ በተገናኘን ቁጥር «ልጄ፣ ዳንሽልኝ?» ትለኛለች። አዎ ብላት ውሸት ነው። አይ ብላት ታለቅሳለች። በመሀል ያለውን መልስ የሚያስረዳ ጽሑፍ ብታወጡ አነብላት ነበር።

በሽታው ተገኘ ማለት ዕድሜ አጠረ ማለት አይደለም። ለሌላ ጉዳይ ኤምአርአይ ተነስተው ቀጭን ክፍተት የተገኘባቸው፣ ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና በክትትል ብቻ የሚኖሩ አሉ። እንደ እኔ ታክመው የቆመላቸው አሉ። እየቆየ የሚብስባቸውም አሉ፤ የእጅ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ እግር ይገትራል፣ ሽንት መቆጣጠር ያስቸግራል። የትከሻ መገጣጠሚያቸው ሳያማቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች መኖራቸውን ስሰማ ሕመም ምን ያህል ጠባቂ እንደሆነ ገባኝ።

ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር ምስሉና ሰውነት አለመስማማታቸው ነው። ክፍተቱ ጠቦ ሕመሙ ሊቀጥል ይችላል። አንድ ሐኪም ምስሌን አይቶ «ይሄማ አሪፍ ነው፣ ጭንቀት ይሆናል» ብሎ ሸኝቶኛል። ምስሉ ያምራል፤ እኔ ነኝ ያላማርኩት! የነርቭ ሕመም በተራ ማስታገሻ እሺ አይልም። ለሚጥል በሽታ ወይም ለድብርትም የሚሰጡት ጋባፔንቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን የሚባሉ መድኃኒቶች የሚታዘዙልን ለዚህ ነው እንጂ አእምሯችን ስለታመመ አይደለም።

ቀሪው የዕለት ተዕለት ነገር ነው። የገላ መታጠቢያ ውሃ በእግሬ ነው የምለካው፤ እጄን አላምነውም። ማታ ማታ ጣቶቼን እያገላበጥኩ ያልተሰማኝ ቁስል እንዳለ አያለሁ። ከባድ ዕቃ አላነሳም። ሲያዩኝ ጤነኛ ስለምመስል መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሰነፍ» የምባልበት ጊዜ አለ። ይሄንን ለምጄዋለሁ ብል ግን እዋሻለሁ።

ቀጠሮ መዝለል ደግሞ የሁላችንም ፈተና ነው። ደህና ሲሆን ሰው ይዘናጋል። ክፍተቱ ግን ተመልሶ ሊሰፋ ይችላል፤ ፈሳሹን የሚያፈስ ቱቦ የተተከለለት ሰው ቱቦው ሊደፈንበት ይችላል። አዲስ ድንዛዜ፣ አዲስ ድክመት ወይም ሲውጡ ማነቅ ከመጣ ቀጠሮን መጠበቅ አያስፈልግም።

በሚቀጥለው ጊዜ የአንድ ታማሚ ታሪክ ስታወጡ፣ እባካችሁ ከቀዶ ሕክምናው አምስት ዓመት በኋላ ደውሉለት። እኔ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሚቀጥለው ኤምአርአይ በመጪው ወር ነው። ከወጣሁ በኋላ መጀመሪያ የምደውለው ለአክስቴ ነው፤ «አክስቴ፣ ቆሟል» እላታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ