ይድረስ ጓዳ ለገቡት አባቴ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጎንደር በሰላም ገብታለች፤ አራሷም ሕፃኑም ደህና ናቸው። ወንድ ስለሆነ ክርስትናው በ40 ቀን ነው፤ ያ እስኪያልፍ እንደማትመለስ ይወቁት። እስከዚያ ድረስ ቤቱም ምድጃውም የእርስዎ ነው።

ትናንት በስልክ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ሽሮ በስንት ውሃ ነው የሚሠራው?» ሲሉኝ ጎረቤት እንዳይሰማ መሆኑ ገብቶኛል። በስልክ የተነገረ ነገር ምድጃው ጋ እስኪደርሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጻፍኩልዎ። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት፣ እንግዳ ሲመጣ ያንሱት። «ይህን የማያውቅ ማን አለ» የሚባል ነገር ክፋቱ፣ ሁሉም ያውቀዋል ስለሚባል ማንም ለማንም አያስተምረውም። ሴት ልጅ ጭስ ውስጥ ተቀምጣ ትማረዋለች፤ ወንዱ «ከጓዳ ውጣ» ይባላል፤ ከዚያ ሰባ ዓመት ሲሞላው ለምን አታውቅም ይሉታል።

ከሽሮው ልጀምር። ባልዲው ውስጥ ያለው ሚጥን ነው፤ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው አብሮ ተፈጭቷል። ሌላ በርበሬ አይጨምሩ። ለአንድ ሰው አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍ። ድስቱን ሲጥዱ ዘይት ቀድመው አያፍሱ፤ ሽንኩርቱ መጀመሪያ በራሱ ውሃ ይቁላላ። ድስቱ ሲደርቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ 5 ደቂቃ ያህል ያማስሉት። ከዚያ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ቀላ እስኪል ይቀጥሉ። ቀላ ነው ያልኩት፤ ከጠቆረ ወጡ ይመራል። ያረረ ቁሌት በውሃ አይታረምም፤ ደፍተው ድስቱን አጥበው በአዲስ ይጀምሩ። የአንድ ሽንኩርት ኪሳራ ነው።

ውሃው ግማሽ ሊትር ነው፤ ትንሹ ባዶ ሃይላንድ ልክዎ ይሁን። ሽሮው አናቱ ሞላ ያለ 4 የሾርባ ማንኪያ። አሁን ዋናው ነገር፦ ከውሃው ሲሶውን ቀዝቃዛ እንዳለ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርገው ሽሮውን በእሱ ይበጥብጡት፤ የቀረው ውሃ ቁሌቱ ላይ ይፍላ። ሲፈላ ብጥብጡን በቀጭኑ እያፈሰሱ ያማስሉ። እማዬ ደረቁን ሽሮ በአንድ እጇ እየነሰነሰች በሌላው ስታማስል አይተው ይሆናል፤ እሱን ለእሷ ይተዉላት። ደረቅ ዱቄት የፈላ ውሃ ሲነካው ውጩ ወዲያው እንደ ሙጫ ይሆንና መሐሉን ደረቅ እንዳለ ይቋጥረዋል። ያ ነው በአፍ ሲገባ የሚፈነዳው እንክብል። አንዴ ከተቋጠረ መማሰያው አይፈታውም፤ በማንኪያ ጀርባ ከድስቱ ግድግዳ ጋር አንድ በአንድ እየጨፈለቁ መፍታት ነው ያለው።

ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርገው 20 ደቂቃ ይተዉት፤ አልፎ አልፎ ከሥሩ ያማስሉ። በ5 ደቂቃ ወፍሮ የደረሰ ይመስላል፤ አልደረሰም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሆድ የሚነፋውም በዚህ ነው። የበሰለ ሽሮ ጥሬ ጥሬ አይሸትም፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ይወጣል፣ ተክ ተክ የሚለው ድምፅም ወፈር ይላል። ተክ ተክ ሲል እጅ ላይ ይተፋልና ክዳኑን ገርበብ አድርገው ይተዉት። ከወፈረብዎ የፈላ ውሃ ይጨምሩ እንጂ ቀዝቃዛ አይሁን። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ቀድሞ የገባ ጨው ይበዛል።

ስለ እሳት አንድ ነገር ይወቁልኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢያበዙ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ወጡ ቶሎ አይበስልም። ስለዚህ ሽምብራና ባቄላ ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩ።

የፎገራው ሩዝ ቀላል ነው። ጠጠሩን ለቅመው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥበው፣ ለ1 ስኒ ሩዝ 2 ስኒ ውሃ፤ ከፈላ በኋላ ከድነው በትንሽ እሳት 20 ደቂቃ። መሐል ላይ ከፍተው አያማስሉት፣ ይጣበቃል። የተረፈውን ድስት ውስጥ አያሳድሩ። ሩዝ ላይ ያለ ጀርም በመፍላት አይሞትም፤ ሙቀት ውስጥ ካደረ ይራባል፣ መርዝም ያወጣል፤ መርዙ ደግሞ ነገ ቢያሞቁት አይጠፋም። ከሠሩት አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ማቀዝቀዣ ይግባ። እንጀራውን ግን ትኩስ እንዳለ በፌስታል አይቋጥሩ፤ ያልበዋል፣ በማግስቱ ይሻግታል። ሻጋታ ካዩ ዳሩን ቆርጦ መብላት የለም። የደረቀውን ጸሐይ ላይ አስጥተው ድርቆሽ ያድርጉት።

ጾሙ ገብቷል፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይጨርሱ፣ እኔ መሐል አልገባም። ከገዙ ግን ከሐይቁ ዳር ጠዋት ይሂዱ። ለጥብስ ቆሮሶ ይሻልዎታል፤ አምባዛ ሥጋው ይለሰልሳል፣ ነጭ ዓሣ ደግሞ እሾሁ ብዙ ነው። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ጆሮ ግንዱን ገልጠው ሲያዩት ደም የመሰለ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ይሁን። ዓይኑ ጎድጉዶ ነጭ ከለበሰ፣ ጆሮ ግንዱም ቡናማ ከሆነ ትናንትናን የተሻገረ ነው፤ ሻጩ ውሃ እየረጨ ያስዋበው እንደሆነ አይመኑት። እዚያው ያስበልቱት። ቤት ሲገቡ በቀጥታ ማቀዝቀዣ፤ በማግስቱ ቢበዛ ይለቅ።

ሲጠብሱ ዓሣውን በንጹህ ጨርቅ ያድርቁ። እርጥብ ዓሣ ዘይት ይረጫል፣ ዘይቱንም ያቀዘቅዘዋል፤ ያኔ ከመጥበስ ይልቅ ይቀቀልና መጥበሻው ላይ ይጣበቃል። ሥጋው ብርሃን ማሳለፉን ትቶ ነጭ ሲሆንና በሹካ ሲነካ ሲፈረፈር በስሏል። አጥንት ጉሮሮዎ ላይ ከተሰካ «ደረቅ እንጀራ ዋጥበት» የሚለውን አይስሙ፤ የባሰ ይወጋዋል። በሳል ካልወጣ ጤና ጣቢያ።

ይህን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያንብቡት፦ ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ አይድፉበት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ሥር ይወርዳል፤ የጋለው ድስት እዚያው እንፋሎት ያደርገዋል፤ እንፋሎቱ ከሺህ ዕጥፍ በላይ ሲሰፋ የሚነደውን ዘይት እስከ ጣሪያ ይወረውረዋል። ምድጃውን ያጥፉ፣ ክዳኑን ከጎን በኩል አንሸራትተው ይክደኑ፣ ድስቱን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ክዳኑ ስለዚህ ሁልጊዜ እጅዎ አጠገብ ይኑር።

የኤሌክትሪኩን ነገር እርስዎ ከእማዬ ይሻላሉ ይባላል፤ አንድ ነገር ግን ልቆጣዎት ነው። የውሃ ማፍያውንና ምድጃውን በአንድ ማከፋፈያ ሰክተው እንደሚጠቀሙ ነግረውኛል። ማፍያው ከሥሩ 2000 ዋት ይላል፣ ምድጃው 1500። ድምሩ 3500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። ማከፋፈያው ላይ የተጻፈው 10 አምፔር ነው። «ብሬከሩ አልወደቀም፣ ስለዚህ ደህና ነው» አሉኝ፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ወፍራም ሽቦ እንጂ ማከፋፈያውን አይደለም። ቀጭኑ ሽቦ ቀልጦ ሲነድ እሱ ዝም ብሎ ያያል። ምድጃው በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ፤ ማፍያውም ለብቻው። መሰኪያው ሲነቀል እጅ ካቃጠለ፣ ወይም ሶኬቱ ዳር ዳሩን ከጠቆረ፣ ሠራተኛ ይጥሩ፤ ውስጡ ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን ይንቀሉት። ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል 5 ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። እስከዚያ በሩን አይክፈቱ፤ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሻማ ይዞ «ሥጋው ደህና ነው ወይ» እያሉ መክፈት ነው የሚያበላሸው።

መብራት ከሌለ ወደ ከሰሉ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። የኅዳር ሌሊት ይበርዳል፣ ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት መሳብ ያምርዎታል። አይሆንም፣ አባባ። ሰው «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል፣ አሁን ይግባ» ይላል። ገዳዩ ጭሱ አይደለም። ከቀላ ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ የአየሩን ቦታ ይይዛል፣ ሰውየውም የተኛ ይመስለዋል። ዕጣን ቢጨስበትም አይቀንሰውም፤ ሽታውን ብቻ ያሳምራል። ከሰል በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፣ በረንዳ ላይ ይብሰልበት፤ ዝናብ አስገድዶዎት ቤት ካስገቡት በርና መስኮት ትይዩ ለትይዩ ይከፈት፣ ከመተኛትዎ በፊት ደግሞ ከነአመዱ ውጭ ይውጣ። ራስዎን ካመመዎት፣ ካቅለሸለሸዎት፣ ጉልበትዎ ከከዳዎት ቁጭ ብለው አይመርምሩት፤ መጀመሪያ ውጭ ይውጡ። ለብርዱ ሁለት ጋቢ አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ ከላይ ነው።

አጎበሩን አጠባለሁ ብለዋል። በተለመደው የገላ ሳሙና፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይፈትጉ። በረኪና አይነካው። ማስጫው ጥላ ነው፤ ጸሐይ መድኃኒቱን ይገድለዋል፣ ከዚያ ተራ መረብ ይሆናል። ያጠቡበትን ውሃ ሐይቁ አጠገብ አይድፉ፤ መድኃኒቱ ለሰው ባይከፋም ለዓሣ መርዝ ነው፤ ከቤት ራቅ ያለ መሬት ላይ ይድፉት። ማታ ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ይወሽቁ። ትኩሳት ከተሰማዎት «ብርድ ነው» ብለው አያሳልፉ፣ በዚያው ቀን ይመርመሩ።

በረኪናን ካነሣሁ፦ ከአቼቶ ጋርም፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋርም አይቀላቀል። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሁለት ማጽጃ ሲደመር ይበረታል የሚለው ሐሳብ ለቡጢ እንጂ ለኬሚካል አይሠራም።

መሳቢያው ውስጥ ፓናዶልም ፓራሲታሞልም አለ። አንድ ናቸው፤ ስማቸው ነው የተለያየ። «ይኼኛው አልሠራም» ብለው ሌላውን አይደርቡ። የጉንፋን እንክብሎችም አብዛኞቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ባለ 500 ሚሊግራሙ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 አያልፍም፤ ለእርስዎ በ6 ቢያቆሙ ደስ ይለኛል። ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፣ ጉበት ደግሞ ቶሎ ብሎ አመመኝ አይልም።

የዘጌው ቡና መደርደሪያው ላይ፣ ከስኳሩ ጀርባ ነው። አፈላሉን አልጻፍኩም፤ ያንን እንኳ ጎረቤት ጠርቶ ያጠጣዎታል።

አሁን የእኔ ተራ ነው፣ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልጠይቅ። ዓቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ካላንደር አይቼ እንጂ አስልቼ አላውቅም። መጥቅዕና አበቅቴ የሚባሉት የባሕረ ሐሳብ ቁጥሮች ተደምረው ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑ ሰምቻለሁ፤ ከየት ተነሥተው እንደሚወጡ ግን አላውቅም። ዘንድሮን ምሳሌ አድርገው፣ ከ5500ው ዓመተ ፍዳ ጀምረው፣ እያንዳንዱን ማካፈልና ቀሪ ሳይዘሉ ይጻፉልኝ። እኔም ማቀዝቀዣዬ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ እጅ እነሣለሁ።

ልጅዎ