የብርሃን ግድግዳና የአተሞች መገፋፋት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ እጅግ ቀዝቃዛ አተሞች ከሌዘር ጨረር የተሠራን የብርሃን ግድግዳ እንዴት እንደሚያልፉ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ድሬዳዋ ሳቢያን ለሚማሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አነበብኩላቸው። እንዲህ ያለ ርዕሰ ጉዳይ በአማርኛ ጋዜጣ ማግኘት ብርቅ ነውና ከልብ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ የጉዳዩን እምብርት ዘሎታል፤ እያንዳንዱ አተም የብርሃን ግድግዳውን ብቻውን የሚገጥም አስመስሏል።

አንዲት ተማሪ ወዲያው እጇን አወጣች፦ «ግድግዳው ብርሃን ከሆነ አተሞቹን ለምን አያሞቃቸውም?» በድሬ ፀሐይ ላደገ ልጅ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሌዘሩ ድግግሞሽ አተሙ ከሚውጠው በጣም ከፍ ብሎ ይመረጣል፤ ስለዚህ አተሙ ብርሃኑን እምብዛም አይውጠውም፤ ብርሃኑ ይገፋዋል እንጂ። አተሙ ሞገድም ስለሆነ ግድግዳውን ለመዝለል ጉልበቱ ባይበቃ እንኳ ሾልኮ የማለፍ ዕድል አለው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሥራ፣ የሩቢዲየም አተሞች 1.3 ማይክሮሜትር በሚያህል ግድግዳ ውስጥ 0.61 ሚሊሰከንድ ያህል እንደሚቆዩ ለክተዋል።

የተዘለለው ይህ ነው፦ የሩቢዲየም አተሞች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። የአተሞቹ ስብስብ (ደመናው) ከያዘው ወጥመድ ሲለቀቅ የመገፋፋቱ ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል፤ የአተሞቹም ፍጥነት ይለያያል። ግድግዳው ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፣ ይጠጋጋሉ፣ መገፋፋቱ ይበረታል። በገበያ ቀን በሐረር ሸዋ በር ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ገፍቶ ያሳልፋል። በመሆኑም ምን ያህሉ እንደሚያልፍ በመነሻው ፍጥነት ብቻ አይወሰንም።

ሊቲየም-7 የተባለው የሊቲየም ዓይነት ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በፓሪስና በአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ እንደታየው፣ አተሞቹ ተሳስበው ሳይበተኑ የሚጓዝ የሞገድ እሽግ ይሠራሉ። እሽጉን ለሁለት መክፈል ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ በንድፈ ሐሳብ በዝግታ ከመጣ ወይ ሙሉው ያልፋል ወይ ሙሉው ይመለሳል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ይህን መሳሳብና መገፋፋት በመግነጢሳዊ መስክ ማጠንከር፣ ማላላት፣ ወደ ዜሮም ማቅረብ መቻሉ ነው። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የቤተ ሙከራ ታሪክ ከየት ይመጣል?

ዓምዱ በዚሁ ርዕስ እንዲመለስበት አደራ እላለሁ። ግድግዳውን የሚያልፉትን አተሞች መጠን በመገፋፋትና ያለ መገፋፋት የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች ያሉበት ግራፍ ቢታተም፣ ቆርጬ ክፍሉ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከድሬዳዋ