የመጻሕፍት ፌስቲቫል ከተባለ መጽሐፉ ይቅደም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የኅዳር 29ን የብሔር ብሔረሰቦች ቀን አስታከው የብዙ ባህሎች የመጻሕፍት ፌስቲቫል ለማዘጋጀት ለሚያስቡ የመሐል አዲስ አበባ ኮሌጆች ጥቂት ነገር ለማለት ነው የምንጽፈው። መጽሐፍ በመሸጥ፣ በማከፋፈልና በቤተ መጻሕፍት ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ነን። ሐሳቡን ከልብ እንደግፋለን። ነገር ግን ተማሪው በእናቱ ቋንቋ ወይም ሊማረው በሚሻው ሌላ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ከግቢው ካልወጣ፣ የባህል ልብሱም ጭፈራውም የቡናው ሥነ ሥርዓትም የቱንም ያህል ቢያምር፣ የመጻሕፍት ፌስቲቫል ተደርጓል ለማለት አንደፍርም።

መጽሐፉ የሚጠፋው ፈላጊ ስለሌለ አይደለም። የአማርኛውን መጽሐፍ፣ አከፋፋዮችን በማነጋገርና ለገሃር፣ ብሔራዊ ቴአትርና አራት ኪሎ አካባቢ ያሉ አዟሪዎችን በመጥራት በሳምንት ውስጥ መሰብሰብ ይቻላል። (አዟሪዎቹን ከግቢ ማስቀረት ትልቅ ስሕተት ነው። የትኛው መጽሐፍ የት እንደሚገኝ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።) የሲዳምኛ፣ የወላይትኛ፣ የሀዲይኛ፣ የአፋርኛና የሶማልኛ መጻሕፍት ግን በብዛት የሚታተሙት በክልል ባህል ቢሮዎች፣ በዩኒቨርሲቲዎች ወይም በደራሲው በራሱ ወጪ ነው። ቅጂው ትንሽ ነው፤ አዲስ አበባ ወኪል የለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና ቢሰጥም፣ በመጽሐፍ ገበያው ላይ እኩልነቱ ገና አልታየም።

ስለዚህ ሥራው በመስከረም መጀመር አለበት። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ካርቶኑ በአውቶቡስ ተጭኖ በዚያው ቀን ይደርሳል። ጊዜ የሚፈጀው ቢሮው መጽሐፉን ከመጋዘን እንዲያወጣ የሚያስፈልገው ደብዳቤ ነው፤ ከኃላፊ ወደ ኃላፊ ሲዞር ሳምንታት ይወስዳል። ደብዳቤው መስከረም አጋማሽ ላይ ከወጣ፣ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይገኛል፣ መጻሕፍቱም ኅዳር 15 ላይ ኮሌጁ መጋዘን ይገባሉ። በዝርዝሩ ላይ ርእሱ፣ ደራሲው፣ ቋንቋው፣ የተጻፈበት ፊደል፣ ዋጋውና የቅጂው ብዛት ይስፈር። በየርእሱ ከአምስት እስከ አሥር ቅጂ ይበቃል። ባለ 200 ገጽ ኤ5 መጽሐፍ 270 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ በአንድ ካርቶን ከ60 በላይ አይታሸግ፤ ከ16 ኪሎ ብዙ ሲያልፍ ታቹ ይቀደዳል፣ የመጻሕፍቱም ጠርዝ ይታጠፋል።

ምን እንደታተመ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስድስት ኪሎ የሚገኙት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ባህሎች አካዳሚ፣ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት)፣ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ናቸው። ካታሎግ ሲፈተሽ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እየተቀያየሩ ስለሚጻፉ በአንዱ ፈልጎ ያጣ ሰው መጽሐፉ የለም ብሎ ይመለሳል፤ በሁሉም አጻጻፍ መሞከር ግድ ነው። የደራሲም ስም በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደርደር። በ978-99944 የሚጀምረው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ለኢትዮጵያ የተመደበ ቢሆንም፣ ደራሲዎች በራሳቸው ያሳተሟቸው ብዙ መጻሕፍት ቁጥሩ የላቸውም፤ ዝርዝሩ በቁጥር ብቻ ከተሠራ እነሱ ይቀራሉ።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያማርረው የግቢ በር ነው። ሻጩ ካርቶኑን ሲያስገባ የሚጠይቀው የለም፤ ማታ ያልተሸጠውን ይዞ ሲወጣ ግን የንብረት መውጫ ወረቀት አምጣ ይባላል፣ ፈራሚው ደግሞ ወደ ቤቱ ሄዷል። ሲገባ ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ ማኅተም ተደርጎበት አንዱ ለጥበቃ፣ አንዱ ለአዘጋጁ፣ አንዱ ለሻጩ ይሰጥ። እስከ መጨረሻው ሰዓት የሚቆይ ፈራሚም ይመደብ። ከውጭ የሚመጣው አንባቢ የተማሪ መታወቂያ እንዳይጠየቅ ለጥበቃዎቹ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገራቸው።

ጠረጴዛ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ቦታን ለቋንቋዎች ሁሉ እኩል ማካፈል ነው። 180 በ75 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ 36 ኤ5 መጻሕፍት በሽፋናቸው ተዘርግተው ይይዛል። የአማርኛ መጽሐፍ ገዢ ርእሱን ስለሚያውቀው በጀርባው ቢቆምም ያገኘዋል። አዟሪ አጥቶ የኖረ ቋንቋ መጽሐፍ ግን ሽፋኑ ካልታየ ማንም አያነሳውም። ስለዚህ ርእሱ ያነሰው ቋንቋ ሰፊ ቦታ ይሰጠው። አደራደሩም በብሔረሰብ ድንኳን ሳይሆን በቋንቋ ይሁን፤ አፋን ኦሮሞ የሚያነበው ኦሮሞ ብቻ አይደለም። በየቋንቋው ውስጥ የልጆች መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት ፊት ይቀመጡ። ኅዳር ደረቅ ወር ስለሆነ ዝናቡ ብዙ አያሰጋም፤ ፀሐዩ ግን ሽፋን ያደበዝዛል፣ ስለዚህ የድንኳኑ ክፍት ጎን ወደ ሰሜን ይዙር።

የማስታወቂያ ጽሑፍ በላቲን ፊደል ሲዘጋጅ የኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ራስ አራሚ ይጥፋ። በአፋን ኦሮሞ የአናባቢ መደረብ ትርጉም ይለውጣል፤ አራሚው ግን ድርቡን ፊደል እንደ ስሕተት ቆጥሮ ይነካዋል፣ የሁዳ ምልክቷንም (ድምፁ ጉሮሮ ላይ መቋረጡን የምታሳየውን ጭረት) ወደ ጥቅስ ምልክት ያዞራታል። ግዕዝ ፊደልም ቢሆን ዩኒኮድ ባልሆነ አሮጌ ፎንት ከተጻፈ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ይበላሻል። ትግርኛው ላይ ደግሞ ቐ መኖሩ ይታይ። ከመታተሙ በፊት ቋንቋውን የሚያነብ ሰው በወረቀት ላይ አይቶ ይፈርም።

የድምፅ ማጉያው ከጠረጴዛዎቹ በደንብ ይራቅ። ሙዚቃ በሚጮህበት ቦታ ሰው መጽሐፍ ገልጦ አያነብም፣ ሳያነብም አይገዛም። የመክፈቻ ንግግር ከ20 ደቂቃ አይለፍ፤ ሁልጊዜ የሚቆረጠው የደራሲዎቹ ሰዓት ነውና። አንድ ደራሲ ለ8 ደቂቃ ቢያነብ ትርጉሙ ሌላ 8 ደቂቃ ይወስዳል። ጽሑፉ ከሳምንት በፊት ለአስተርጓሚው ይሰጥ፣ ትርጉሙም በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ይውጣ። ያኔ ደራሲው በራሱ ቋንቋ ሳይቋረጥ ያነባል።

ክፍያ በቴሌብር ይቻላል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ዝርዝር ብር የያዘ ሰው በየመስመሩ ይኑር። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የሚሸጥ መጽሐፍ አይግባ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል።

ብዙ ኮሌጅ የሚሰናከልበት ግን የቤተ መጻሕፍቱ ግዢ ነው። ፌስቲቫሉ ሊያልቅ ሲል ኃላፊው ያልተሸጠውን ለቤተ መጻሕፍታችን እንግዛ ይላል። የግዢ ክፍሉ የሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይጠይቃል። አንድ ቢሮ ብቻ ያሳተመውን መጽሐፍ ሦስት ሻጭ ሊያቀርበው አይችልም፤ መጻሕፍቱም ተመልሰው ይጫናሉ። መፍትሔው ጥያቄውን ጥቅምት ላይ፣ ዝርዝሩ እንደደረሰ፣ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ ለመግዛት ከነምክንያቱ አቅርቦ ማስፈቀድ ነው። አሳታሚው ብቸኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመጻሕፍቱ ጋር ይላክ። ከየርእሱ ሁለት ቅጂም ከሽያጩ በፊት ለቤተ መጻሕፍቱ ይለይ፤ የቀረውን ብቻ መግዛት ማለት ተማሪው የፈለገውን ትቶ ያልፈለገውን መደርደር ነው። በየጠረጴዛው የተሸጠው ርእስ፣ ቋንቋና ብዛት በየቀኑ ይመዝገብ፣ ለላኩት ቢሮዎችም ቅጂው ይድረሳቸው፤ ድጋሚ ለማሳተም በጀት ሲጠይቁ የሚያሳዩት ማስረጃ ይሆናቸዋል።

ይህን ዝርዝር አሁን ማዘጋጀት የሚፈልግ ኮሌጅ ቢኖር ርእሶቹን በመለየትና አከፋፋዮችን በማገናኘት ያለ ክፍያ እናግዛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በመጽሐፍ ሽያጭና በቤተ መጻሕፍት ሥራ የተሰማራን አንባቢዎቻችሁ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ