ሃምስተር ሲነካኩ የከረሙት ልጆች እየተጫወቱ አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ወጣቱ በስልክ ጌም ዕድሜውን እየጨረሰ ነው የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። እውነት አለው። እራት ቀርቦ «አንዴ ቆዩኝ» የሚል ልጅ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ግን ጸሐፊው ዋና ምሳሌ አድርገው ያነሱት ስልክ እየነኩ የጨዋታ ሳንቲም የሚሰበስቡበትን የቴሌግራሙን ሃምስተር ኮምባት ነው፤ እኔ ደግሞ ሶፍትዌር ሠርቼ የማድር፣ ጌምም የምወድ ሰው ስለሆንኩ እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። እነዚያ ልጆች ሥራ ላይ ነበሩ። ደመወዙ ያልተነገራቸው ሥራ።

እስቲ የ2016ን ክረምት አስታውሱ። ሐምሌ ላይ መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን (ፕሮግራም ጸሐፊዎችን) ሥልጠና ጀመረ። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ሃምስተሩ ደግሞ መጋቢት ላይ ተጀምሮ ልክ በዚያው ሰሞን ጣራ ነካ። ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠ፣ የዘይት ዋጋ ሲጨምር እናቱ ስትብሰለሰል የሚያይ ልጅ «ስልክህን ንካ፣ ዶላር ይመጣል» ሲባል ምን እንዲል ነው የምንጠብቀው? እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እነካ ነበር።

በዚያ ክረምት የነበረውን አሠራር ቀረብ ብሎ ላየው ግን ያስገርማል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሃምስተር በነካህ ቁጥር ሳንቲም ይቆጠርልሃል። ጉልበት የሚባል መለኪያ አለ፤ ስትነካ ያልቃል፣ ስትጠብቅ ይሞላል። በሳንቲሙ ካርድ ትገዛለህ፣ ካርዱ ደግሞ ሳትነካውም በየሰዓቱ ትርፍ ያስገባልሃል። ተንኮሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ትርፉ የሚጠራቀመው ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቆጣሪው ይቆማል፣ ተመልሰህ እስክትከፍተው ድረስ ምንም አይገባም። ለምን ሦስት ሰዓት? ቴክኒካዊ ምክንያት የለውም። አንድ ቦታ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ፕሮግራመሩ 3 የሚለውን 24 ቢያደርገው ሰርቨሩ (የድርጅቱ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) አይከብደውም፣ እንዲያውም ይቀለው ነበር። ሦስት የሆነው አንተ ሌሊት ነቅተህ እንድትከፍተው ነው።

የየቀኑ «ኮምቦ» ነበረ። ሦስት ካርድ በትክክል ለመረጠ አምስት ሚሊዮን ሳንቲም። የዕለቱን ቃል በሞርስ ኮድ፣ አጭርና ረጅም ንክኪ እያፈራረቀ ላስገባም ሌላ ሽልማት። መልሱን ማንም አስቦ አያገኘውም፣ ከቴሌግራም ቻናል ወይም ከዩቲዩብ ይገለበጣል። ለነገሩ ማሰብህን የፈለገ ማን አለ? የተፈለገው መምጣትህ ነው። ና፣ ቪዲዮ እይ፣ ይሄን ቻናል ተቀላቀል፣ ጓደኛህን ጋብዝ። ይሄ ሁሉ ለማስታወቂያ የሚሸጥ ቁጥር ነው። ድርጅቱ 300 ሚሊዮን ተጠቃሚ አለኝ ይል ነበር። ያን ያህል ሰው በደመወዝተኛ ቀስቃሽ ልሰብስብ ቢል ስንት እንደሚያወጣ ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው።

ሳንቲሙ ወደ ቶከን፣ ማለትም ወደሚሸጥ ዲጂታል ገንዘብ ተቀይሮ የተከፈለው መስከረም 16 ቀን 2017 ነው። የደመራ ዕለት። ሌላው ችቦ ሲለኩስ የእኛ ሰፈር ልጆች ዋሌታቸው (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳቸው) ላይ አፍጥጠው ነበር። ቀደም ብሎ ድርጅቱ ለክፍያው ብቁ የሆነው 131 ሚሊዮን ሰው ብቻ ነው አለ፣ 2.3 ሚሊዮኑን ደግሞ አጭበርብራችኋል ብሎ አገደ። በክፍፍሉም ትልቁን ቦታ የያዘው በጣት የተነካው ሳንቲም ሳይሆን ያ በየሰዓቱ የሚገባው ትርፍ ሆነ። ጣት እስኪቃጠል የነካው ነካ። ከደረሰው ላይም 11.25 በመቶው ለወራት ተቆልፎ ቀረ። ቶከኑ ገበያ ላይ በአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ጀመረና ቁልቁል ወረደ። የማውቃቸው ልጆች ክረምቱን ሙሉ ለፍተው ያገኙት ጥቂት ዶላር ነው፤ እሱንም ወደ ብር ለመቀየር ሌላ ጣጣ ነበረው።

የምሠራበት ቦታ ጀማሪ ፕሮግራመር ስንቀጥር ፈተናውን የማወጣው እኔ ነኝ። ሲቪዎቹ ይመሳሰላሉ፣ ሰርተፍኬት በሰርተፍኬት ላይ። የአምስት ሚሊዮኑን ሥልጠና ላጣጥል አይደለም። ነፃ ነው፣ ዌብ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሠረታዊ ነገሮችን ያስተምራል፣ ቁጭ ብሎ የተማረበት ሰው ይጠቀምበታል። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ግን ቪዲዮውን አሳልፈው፣ ሰርተፍኬቱን ሊንክድኢን ላይ ለጥፈው ወደሚቀጥለው ያለፉ ናቸው። ሃምስተር ላይ የለመዱት ነው። ሰብስብ፣ አንድ ቀን ይመነዘራል። ቀጣሪዎችም ንፁህ አይደለንም፤ ለጀማሪ ቦታ የሁለት ዓመት ልምድ ብለን ማስታወቂያ እንለጥፋለን። የት ሄዶ ይልመድ?

የእኔ ፈተና አጭር ነው። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ፕሮግራም ጻፉልኝ እላለሁ። ኢንተርኔት ይፈቀዳል፣ ኤአይም ይፈቀዳል። ሲጨርሱ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን አስገባበታለሁ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ብሎ መመለስ አለበት። ብዙው እዚህ ጋ ይወድቃል። አንዱ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል። አንዱ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አላውቅም ብሎ ይቆማል። ሌላው ዝም ብሎ መስከረም 1 አድርጎት ያልፋል፤ የባሰው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ስህተቱን ማንም አያይም። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ልጁ ያውቃል፣ እናቱም ታውቃለች፣ ፕሮግራሙ ግን ነጋሪ ይፈልጋል።

ከተፈታኞቹ አንዱ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አልነበረውም። ምን ሠርተህ ታውቃለህ ስለው አፈር አለና «ሃምስተሩን ራሱ እንዲነካ አድርጌው ነበር» አለኝ። እንዴት? ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ ወደ ሰርቨሩ ምን እንደሚላክ ተመለከተ። እያንዳንዱ ንክኪ እንደማይላክ ገባው። ስልኩ ራሱ ይቆጥርና «ይህን ያህል ተነክቻለሁ» ብሎ ድምሩን ይልካል፣ ሰርቨሩም ከተፈቀደው ጉልበት አለመብለጡን ያያል። ልጁ ድምሩን የሚልክ፣ ሦስት ሰዓቱ ሳያልቅም እየገባ ትርፉን የሚሰበስብ ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጻፈና ተኛ። በመጨረሻ ከ2.3 ሚሊዮኖቹ አንዱ ሆኖ ታገደ። ማጭበርበርን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ፣ ግን ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ እውነተኛ ጨዋታ የተጫወተው እሱ ነው ብል አላፍርም፤ ተጋጣሚ አግኝቶ፣ አስቦ፣ ተሸንፎ ወጣ። ጳጉሜን 6ንም አልሳተም። ቀጠርነው።

ስለዚህ ጸሐፊው «ጌም ይከልከል» ወደሚሉት ስመጣ አልስማማም። ሰፈራችን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ሂዱና እዩ። ፊፋ ነው የሚጫወቱት፣ ስሙ ተቀይሮ ኤፍሲ ከተባለ ቢቆይም እኛ ጋ ፊፋ ነው። የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ ከኋላ የቆመው ሁሉ ይሳደባል፣ ያሾፋል፣ ይመክራል። ጆተኒውም እንደዚያው። ሰዓቱ ያልቃል፣ ብር ያልቃል፣ ወደ ቤት ይሄዳል። ሃምስተር ላይ የሚያሸንፍህም የምታሸንፈውም የለም፣ ስለዚህ አያልቅም። የአገር ልጆችም ሞክረዋል፤ ቅኔ ጌምስ የሠሩት፣ ዶሮ እየሮጠች የምታመልጥበት «ኩኩሉ» አሪፍ ጌም ነው።

የድሮዎቹ ደግሞ ከሁላችንም ይበልጡ ነበር። የአገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ የሚባለው ጨዋታ፣ ወረራ የሚባል መክፈቻ አለው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል፣ እጃቸው በፈጠነ መጠን ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል የለም፣ ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሕጉን ጽፈውት ባይቆዩን እኔም ባላወቅኩት። ዛሬ የጌም ኩባንያዎች አእምሯቸውን የሚያስጨንቁበትን የፍጥነትና የማሰብ ቅልቅል አባቶቻችን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጨርሰውታል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የጻፍኩትም በአብዛኛው ለዚህ ነው። ያ የቀጠርነው ልጅ በትርፍ ሰዓቱ ሰንጠረዥን ስልክ ላይ ለመሥራት ጀምሯል። ወረራው ላይ ተጣበቀ። አንዱ ተጫዋች ቦሌ ሆኖ ኔትወርኩ ፈጣን፣ ሌላው ክፍለ ሀገር ሆኖ ዘገምተኛ ቢሆንና ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ቢበሉ፣ የማን ይጸድቃል? በሰዓት እንለካ ብንል ዘገምተኛው ሁሌ ይበደላል። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ሰንጠረዥ የተጫወቱ፣ ወይም ሲጫወቱት ያዩ አባቶችና እናቶች ካሉ፣ ሁለት እጅ እኩል ሲደርስ ማን ይቀድም እንደነበር፣ ዳኛ ይኖር እንደሆነም ለጋዜጣው ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ